የትምህርት ቤት ጓሮ በመፀው ወራት፤ ከጎርጎራ ዳርቻ

ዓመቱን በአራት የከፈሉት ሊቃውንት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን ጊዜ መፀው ብለው ሰይመውታል፡፡ ዛሬ ዛሬ ግን መስከረም በጠባ ቁጥር በሬዲዮውም በጋዜጣውም ‹‹የፀደይ ወራት ገባ›› ሲባል መስማት ተለምዷል፡፡ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ዝናብ በጉጉት የሚጠበቅበት ወቅት ነው፡፡ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት፡፡ የትምህርት ቤት የጓሮ አትክልት ክበብ ለሚመራ መምህር ግን ወቅቱን በስሙ ማወቅ የሥራ ጉዳይ ነው፡፡ በፀደይ ሰማዩ ወደ ምድር እየቀረበ ነው፤ በመፀው ሰማዩ ሸሽቶ መሬቱ የጠጣውን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ ነው፡፡ በሁለቱ ወቅት የሚዘራውም፣ የሚቆፈረውም፣ የሚፈራውም የተለያየ ነው፡፡

እኔ ያጠናሁት ሕግ ነው፤ ግብርና አይደለም፡፡ ይሁንና በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎርጎራና በአካባቢዋ ዘመድ ወዳጅ ስላለኝ ስመላለስ ያየሁትንና ከመምህራንና ከግብርና ባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ለክበብ ተጠሪ መምህራንና ለወላጆች ይጠቅም እንደሆነ በማለት እነሆ አቅርቤዋለሁ፡፡ ሕጉንም ጣል ጣል አደርግበታለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው፡፡

ጎርጎራ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሐይቅ ጠርዝ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፡፡ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደጋም ቆላም ያልሆነ፣ ውርጭ የማይፈራበት፣ ማንጎና ዘይቱን ከጎመንና ከነጭ ሽንኩርት ጎን ለጎን የሚበቅልበት ምድር ነው፡፡ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችው እዚሁ ነው፡፡ አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቅራቢያው ቤተ መንግሥት አሠርቶ ነበር፤ ያው ንጉሥ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ የመዋኛ ገንዳና የተክል ቦታ ማሠራቱም ይታወቃል፡፡ በቅርቡ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዷ ሆና ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶባታል፡፡ ይህን የማነሳው አንድ ነገር ለማስታወስ ነው፡፡ በዚህ ዳርቻ የአትክልት ቦታ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው የአትክልቱ ቦታ የልጆች ሲሆን ነው፡፡

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፡፡ የትምህርት ቤት ክበብ ትልቁ ችግር የቀን መቁጠሪያ ችግር ነው፡፡ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፉ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየዓመቱ በክረምት ይካሄዳል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት መነገሩ ይታወሳል፡፡ በሐምሌ ግን ተማሪው በእረፍት ላይ ነው፡፡ በዘመቻ የመጣ እንግዳ በትምህርት ቤቱ ግቢ ችግኝ ይተክላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይሄዳል፡፡ ተማሪው መስከረም ላይ ሲመለስ ችግኙን በአረም ተውጦ ያገኘዋል፡፡ ስለዚህ የክበቡ የመጀመሪያ ሥራ መዝራት አይደለም፤ ፍለጋ ነው፡፡ ልጆቹ ተሰልፈው ግቢውን ይዞራሉ፣ እያንዳንዱን ችግኝ ከሣሩ ውስጥ ያወጡታል፣ ዙሪያውን ይኮተኩታሉ፣ በአጠገቡ እንጨት ይተክላሉ፡፡ የተገኘውንና የደረቀውን ቆጥረው ይመዘግባሉ፡፡ ይህ መዝገብ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፡፡ ስንት ተተከለ የሚለውን ሁሉም ይነግራችኋል፤ ስንት ጸደቀ የሚለውን ሊነግራችሁ የሚችለው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የያዘው ደብተር ነው፡፡

ከዚያ በኋላ የአፈሩ ጉዳይ ይመጣል፡፡ የደምቢያ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው፡፡ ዋልካ በክረምት ውኃ አቁሮ እንደ ጭቃ ቤት ይለጥፋል፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፡፡ በመስከረም መጀመሪያ ገና ሳይጠፈጥፍ ዶማ የያዙ ልጆች ቢገቡበት አፈሩ ይታመቃል፤ እስከ ጥር ቢቆዩ ደግሞ ዶማው ይነጥራል፡፡ ትክክለኛው ጊዜ በመስቀል ሰሞንና በጥቅምት መባቻ መካከል ያለው ጥቂት ሳምንት ነው፡፡ ፈተናው ቀላል ነው፡፡ አፈሩን በእፍኝ ጨብጦ መልቀቅ፤ ከተንከባለለና ካጣበቀ መጠበቅ፣ ከተፈረከሰ መጀመር፡፡ መደቡ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ በመካከሉ ቦይ ተበጅቶለት፣ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፡፡ ምክንያቱም የአሥር ዓመት ልጅ ክንድ ከዳር ሆኖ መሐል መድረስ አለበት፤ መደቡን መርገጥ የጀመረ ክበብ የደከመበትን መልሶ ይደመድማል፡፡

ምን ይዘራ? እዚህ ላይ ብዙ ክበቦች የሚሄዱበት መንገድ አይጥመኝም፡፡ የዘር ፓኬት ከከተማ ይመጣል፤ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር ሁሉም በአንድ ቀን ይዘራሉ፡፡ በኅዳር ውኃ የሚያመላልስ ይጠፋና ሁሉም በአንድ ሳምንት ይደርቃሉ፡፡ ከመዝራት በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ‹‹ከጥቅምት ወዲያ ውኃ ከየት ይመጣል?›› የሚለው ነው፡፡ ውኃ የሌለው ክበብ ሽምብራ ይዝራ፡፡ የጣና ዳር ገበሬ ዘመኑን ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነው፡፡ ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ ከደረሰበት ጠርዝ ቀስ በቀስ ሲመለስ ‹‹ባሕር ሸሽ›› የሚባለውን እርጥብ መሬት ይለቃል፤ ገበሬው እየተከተለ ይዘራል፡፡ ከሐይቁ የራቀውም በዋልካው ላይ፣ ዝናቡ ሊያልቅ ሲል፣ ሽምብራውንና ጓያውን ይበትናል፡፡ ዋልካ ያጠራቀመው እርጥበት ብቻ ያለ አንዲት ጣሳ ውኃ እስከ እሸት ያደርሰዋል፡፡ ሽምብራ በሥሩ የአየሩን ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ የማስገባት ጠባይም አለው፤ ለሳይንስ መምህሩ ነቅሎ የሚያሳየው ነገር ነው፡፡ እሸቱ በደረሰ ጊዜ ክበቡ አባሉ የማያውቃቸው ብዙ ወዳጆች እንደሚያፈራ ግን ከወዲሁ ይታወቅ፡፡

ጓያን ግን አልመክርም፡፡ ደምቢያና ፎገራ በጓያ ምክንያት እግራቸው ሽባ የሆነ ሰዎች ችግር ከተጠናባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው፡፡ በረሀብ ጊዜ ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ ብቻ ይቀራል፣ እሱን ብቻ ለወራት የበላ ሰው በሽታው ያገኘዋል፡፡ ይህን ታሪክ ለልጆቹ በሽምብራው መደብ ዳር ቆሞ መንገር የጤና ትምህርት ነው፤ ጓያውን በትምህርት ቤት ግቢ ማብቀል ግን አያስፈልግም፡፡

ውኃ ያለው ክበብ ምርጫው ይሰፋል፡፡ ቆስጣ በመስከረም መጨረሻ ቢዘራ በኅዳር መጨረሻ ቅጠሉ መለቀም ይጀምራል፣ እየተለቀመም ይቀጥላል፡፡ ትዕግሥት ለሌለው ልጅ እንደ ቆስጣ ያለ አስተማሪ የለም፡፡ ካሮት ሦስት ወር ከምናምን ይፈጃል፤ መዛወር ስለማይወድ እዚያው በተዘራበት ያድጋል፣ ሲበቅል ግን መሳሳት አለበት፡፡ ልጆች ደህናውን ቡቃያ መንቀል እንደ ጥፋት ስለሚያዩት ካሮታቸው ሁልጊዜ እንደ ክር የቀጠነ ነው፡፡ ቀይ ሽንኩርት በጥቅምት መጀመሪያ በችግኝ መደብ ላይ በቀጭን መስመር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ጠልቆ ይዘራል፤ ላዩ በሣር ይሸፈናል፣ ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩ ይነሣል፡፡ ከ45 እስከ 55 ቀን ሲሞላው፣ ማለትም በኅዳር ማገባደጃ፣ ወደ ዋናው መደብ ይዛወራል፡፡ የሚደርሰው በመጋቢት አካባቢ ነው፤ ተማሪው ገና በትምህርት ላይ ስለሆነ የዘራው ራሱ ያነሣዋል፡፡ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፡፡ ከሰኔ በኋላ የሚደርስ ማናቸውም ነገር ለክበቡ አይሆንም፤ ዘሪው ሌላ፣ በሊው ሌላ ይሆናል፡፡ ቲማቲምን በተመለከተ፣ መስከረም ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ ይጨርሰዋል፤ ችግኙን በጥቅምት አፍልቶ በኅዳር ማዛወር ይሻላል፡፡ ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ የአካባቢው ቅመሞች ናቸው፡፡ አንድ አንድ መስመር ቢኖር አያቶች ልጆቹን የሚያስተምሩት ነገር ያገኛሉ፡፡

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ውኃው፡፡ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፡፡ በዳርቻው ላለ ትምህርት ቤት ‹‹ውኃ የለም›› ማለት የሚያስቅ ይመስላል፡፡ እናም መምህሩ ለልጆቹ ቢጫ ጀሪካን ያስይዝና ወደ ሐይቁ ይልካቸዋል፡፡ ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይቀዳሉ፡፡ አደጋው እዚህ ላይ ነው፡፡ በጣና ዳርቻ፣ በጎርጎራ አካባቢ ጭምር፣ በተማሪዎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች የአንጀት ቢልሃርዝያ በብዛት መገኘቱ በተደጋጋሚ ተዘግቧል፡፡ በሽታው የሚተላለፈው በመጠጣት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም፡፡ በሣርና በደንገል በተሸፈነ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ተውሳኩን ትለቃለች፤ ተውሳኩ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል፡፡ በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ በጠነከረችበት ሰዓት ነው፡፡ ይህም ማለት ከሰዓት ፈረቃ በፊት፣ በእኩለ ቀን፣ ክበቡ ውኃ በሚያመላልስበት ሰዓት ማለት ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(መ) ማንኛውም ሕፃን ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደህንነቱን በሚጎዳ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይጠብቀዋል፡፡ ድንጋጌው አሠሪውን ከመምህሩ አይለይም፤ የሚመለከተው ሥራውን ነው፡፡ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ከልክሏል፡፡ ክበብ ቅጥር አይደለምና ይህ አዋጅ በቀጥታ አይመለከተውም፤ ነገር ግን ለቀጣሪ የተከለከለውን አደጋ መምህር በፈቃደኝነት ስም እንዲያደርገው የሚፈቅድ ሕግ አላውቅም፡፡ አንድ የክበብ ተጠሪ ይህን ስነግረው ‹‹ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እዚያው ይዋኛሉ፣ ከብት ያጠጣሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ የምጠየቀው?›› አለኝ፡፡ እውነቱን ነው፣ ይዋኛሉ፡፡ ይሁንና ወላጅ ልጁን ለትምህርት ቤቱ በአደራ በሰጠበት ሰዓት ያለው ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ ነው፡፡

መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም፡፡ የጉድጓድ ወይም የእጅ ፓምፕ ውኃ ካለ ክበቡ የሐይቁን ጉዳይ ይርሳው፡፡ ከጣሪያ ላይ የሚወርደውን የመስከረም ዝናብ በበርሜል ማጠራቀም ለችግኝ መደብ ይበቃል፡፡ የግድ የሐይቅ ውኃ ካስፈለገ ቀጂው አዋቂ፣ እግሩ ቦት ጫማ ውስጥ ሆኖ፣ ሣርና ደንገል ከሌለበት ቦታ ይቅዳ፤ ውኃው ክዳን ባለው በርሜል ሁለት ሙሉ ቀን ይደር፡፡ ተውሳኩ ከቀንድ አውጣዋ ከወጣ በኋላ ከ48 ሰዓት በላይ አይኖርም፡፡ ሁለት በርሜል ያለው ክበብ አንዱን ሲያሳድር ሌላውን ይጠቀማል፡፡ የጤና ባለሙያዎች ለተማሪዎች የሚያድሉት ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን በሽታውን ያክማል፤ ነገ እግሩን መልሶ ውኃ ውስጥ ለሚነክር ልጅ ግን መከላከያ አይሆነውም፡፡

ወባንም እንዲሁ አንርሳ፡፡ በጣና ዙሪያ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ ክበቡ በሚሠራባቸው ወራት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን ደጋና ወይናደጋ የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል፡፡ የወባ ትንኝ ትልቅ ውኃ አትፈልግም፤ የከብት ኮቴ፣ የተረሳ ቦይ፣ ውኃ ያቆረ ጎማ ይበቃታል፡፡ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድባት በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ፣ ክበቡ የቆመውን ውኃ ሁሉ ቢደፋና ቦዩን ቢጠርግ ትውልዱ ይቋረጣል፡፡ እኔ ብሆን ይህን ሥራ ለክበቡ ታናናሾች እሰጣቸው ነበር፤ መድፋት ይወዳሉ፡፡

ስለ ብስባሽ ጥቂት ልበል፡፡ መፀው አረንጓዴ ነገር የሞላበት ወቅት ስለሆነ ለብስባሽ ዝግጅት እንደሱ ያለ ጊዜ የለም፡፡ የታረመው አረም ዘር ሳይቋጥር፣ ገለባ፣ ፍግ፣ ጥቂት አመድ በየተራ እየተነባበረ በጥላ ሥር ይከመራል፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይገለበጣል፡፡ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ፡፡ አንደኛው የኅዳር 12 ልማዳችን ነው፡፡ በ1911 ዓ.ም. ያለቀውን ሕዝብ በማሰብ ‹‹ኅዳር ሲታጠን›› እያልን በየግቢው ቆሻሻ እናጫጭሳለን፤ ትምህርት ቤቶችም ወድቆ የተገኘውን ቅጠል ሁሉ ጠርገው ያቃጥሉታል፡፡ ልማዱን አልነቅፍም፣ እኔም አጭሳለሁ፡፡ ነገር ግን ክበቡ ከዋዜማው ቀድሞ ቅጠሉን ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ቢወስደው ለጭሱ የሚተርፍ ፌስታልና ቁርጥራጭ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ፌስታል ደግሞ ባይቃጠል ይሻላል፡፡

ሁለተኛው እንቦጭ ነው፡፡ በጣና ላይ መኖሩ በ2004 ዓ.ም. ከታወቀ ወዲህ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻዎችን፣ ደምቢያን ጨምሮ፣ ክፉኛ አጥቅቷል፡፡ በ2013 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የተሳተፈበት የነቀላ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር፡፡ ‹‹የተነቀለውን ለምን ኮምፖስት አናደርገውም?›› የሚል ሐሳብ ከተማሪዎች ዘንድ ሁልጊዜ ይነሣል፣ ሐሳቡም ጥሩ ነው፡፡ ግን በሐምራዊ አበባው ተውቦ የሚታየው በዚሁ በመፀው ነው፤ ዘሩ ለዓመታት፣ እስከ 20 ዓመት ሳይበላሽ ይቆያል፡፡ ያበበና ዘር የያዘ እንቦጭ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ አምጥቶ በደንብ ባልጋመ ክምር ውስጥ መክተት፣ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ ጠርጎ ወደ ሐይቁ እንዲመልሰው ማድረግ ነው፡፡ ከሥሩ መካከልም ያችው ቀንድ አውጣ ትገኛለች፡፡ ስለዚህ ልጆች እንቦጭ ነቃይ መሆን የለባቸውም፡፡ አዋቂዎች ነቅለው በፀሐይ ያደረቁት፣ ያላበበ ከሆነ፣ ለጉዝጓዝ ወይም ለክምሩ ይሁን፡፡

ወደ አጥሩ እንለፍ፡፡ በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉ ሲታጨድ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ይለቀቃል፤ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሲሆን አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የትምህርት ቤቱ መደብ ብቻ ነው፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ በድንገት አምልጦትም ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል፡፡ አንድም ርዕሰ መምህር ለ20 ራስ ጎመን ብሎ የጎረቤቱን ላም ሲከስ አላየሁም፤ ማየትም አልሻም፡፡ የሚሠራው በሽማግሌ ፊት የሚደረግ ውል ነው፡፡ የወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) በጥቅምት፣ ከአጨዳው በፊት፣ እረኞችንና የከብት ባለቤቶችን ሰብስቦ ወሰኑን ያሳያል፤ አጥሩም የእሾህ ክምር ሳይሆን የሚበቅል አጥር ቢሆን ከዓመት ዓመት ይጠነክራል፡፡ ከውኃው አጠገብ ላለ ጓሮ ደግሞ ሌላ ባለጉዳይ አለ፤ ጉማሬ፡፡ ሌሊት ወጥቶ አዝመራ ይግጣል፣ በየትኛውም ቁጥር አይከሰስም፡፡ ከዳርቻው ራቅ ማለት ብቻ ነው፡፡

ከአጥር የማይለይ የይዞታ ጥያቄም አለ፡፡ ክበቡ ለሦስት ዓመት ያለማው ጥግ አንድ ቀን ለሌላ ግንባታ ወይም ለጎረቤት ማሳ ማስፋፊያ ሲሄድ ማየት አዲስ አይደለም፡፡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ያለው የመጠቀም መብት ነው፡፡ ይህ መብት የሚከበረው ሲታወቅ ነው፡፡ በገጠር ቀበሌ ያለ ትምህርት ቤት በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት ይዞታውን ማስለካትና ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ በከተማ ክልል ውስጥ ያለ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ይያዝ፡፡ በመስከረም የመጀመሪያው የክበብ ስብሰባ ላይ ልጆቹ ግቢውን በገመድ ለክተው ንድፉን በወረቀት ቢያወጡት የሒሳብ ትምህርትም፣ ማስረጃም ይሆናል፡፡

ምርቱ የማን ነው? ይህ ጥያቄ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ጨዋታ አይደለም፡፡ እኛ የተማርነው በደርግ ዘመን፣ ትምህርት ከምርት ጋር ይገናኝ በተባለበት ጊዜ ነው፡፡ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤታችን ጓሮ ነበር፤ ያረፈደ ተማሪ ዶማ ይይዛል፣ የረበሸ ተማሪ አረም ይነቅላል፡፡ ጎመኑ አድጎ እናያለን፣ ከዚያ አንድ ሰኞ ስንመጣ የለም፡፡ የት እንደሄደ የጠየቀ አልነበረም፣ ጠይቆም የሚመልስለት አይኖርም ነበር፡፡ ከዚያ ጓሮ የወጣ ተማሪ ስለ ግብርና የተማረው ነገር ቢኖር ቅጣት መሆኑን ነው፡፡

ከዚያ በፊትም ቁስሉ ነበረ፡፡ በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ዘርፍ ክለሳ አብዛኛው የገጠር ልጅ ለአራት ዓመት ከገጠር ኑሮ ጋር የተያያዘ መሠረታዊ ትምህርት እንዲማር ሐሳብ አቀረበ፡፡ በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነበር፤ ወላጁና መምህሩ ግን የድሃው ልጅ ድሃ ሆኖ እንዲቀር የተመከረ ምክር አድርገው ተረዱት፡፡ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፡፡ ዛሬም ደምቢያ ላይ አንድ አባት ለመምህሩ ‹‹መምህር፣ ልጄን ከዶማ ላስጥለው ብዬ እኮ ነው ወደ እርስዎ የሰደድኩት፤ እርስዎ መልሰው ያስይዙታል?›› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፡፡ ሰውየው አልተሳሳቱም፡፡ የኦስትሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1869 ባወጣው የትምህርት ሕግ በየገጠር ትምህርት ቤቱ የእርሻ መሞከሪያ ጓሮ እንዲኖር አዝዞ ነበር፤ እዚያ ጓሮው የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው፣ የትምህርቱ ምትክ አይደለም፡፡ ለአባትየው መልስ የሚሆነውም ልጁ በጓሮው ውስጥ ምን መለካት፣ መመዝገብ፣ ማወዳደር እንደተማረ በደብተሩ ሲያሳያቸው ነው፡፡

ስለዚህ ክበቡ በመስከረም፣ ዘር ከመግዛቱ በፊት፣ አንድ ገጽ መተዳደሪያ ይጻፍ፡፡ አባልነት በፈቃድ ይሁን፤ ጓሮ ለቅጣት አይዋል፤ በሳምንት ከሁለት ቀን፣ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ ምርቱ ሲሰበሰብ ሁለት ተማሪ፣ አንድ መምህርና አንድ ወላጅ ባሉበት ተመዝኖ ይመዝገብ፡፡ ሲሸጥ ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ደረሰኝ ይግባ፣ ምን እንደተገዛበትም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ፡፡ ከእያንዳንዱ ለቀማ ደግሞ የተወሰነው በአባላቱ እጅ ወደየቤታቸው ይሂድ፡፡ አንዲት እናት ልጇ ያመጣችውን ቆስጣ ሠርታ ካበላች በኋላ ‹‹ዶማ አስያዛችሁብኝ›› ስትል አልሰማሁም፡፡

ይህን ሁሉ ስጽፍ ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ ይከፈታል ብዬ ነው፡፡ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በ2016ም ሆነ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ሚሊዮኖች ሕፃናት ሳይመዘገቡ ቀርተዋል፡፡ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓሮው ከሁሉ ቀድሞ ይሞታል፤ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቆያል፣ መደብ ግን በሁለት ሳምንት አረም ይበላዋል፡፡ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት በመጋቢት ሲቋረጥም ይህንኑ አይተናል፡፡ ያኔ የተረፉት ጓሮዎች አንድ የግቢ ጥበቃ ወይም አንድ በቅርብ የሚኖር ወላጅ ‹‹የእኔ ነው›› ብሎ የያዛቸው ናቸው፡፡ ስለዚህ በመተዳደሪያው ላይ ትምህርት በተቋረጠ ጊዜ ጓሮውን ማን እንደሚረከብ፣ ምርቱንም በምን ድርሻ እንደሚካፈል ከወዲሁ በስም ይጻፍ፡፡

ዘሩም እንዲሁ በአንድ ክፍል ቁልፍ ሥር ብቻ አይቀመጥ፡፡ በታኅሣሥ መጨረሻ ክበቡ ለቀጣዩ ዓመት ከጎመኑና ከሰላጣው ጠንካራ ሁለት ሦስቱን ሳይለቅም ለዘር ይተዋቸዋል፡፡ ከሽምብራውም፣ ከድንብላሉም እንዲሁ ይለያል፡፡ ደርቆ የተወቃው ዘር ከተነፋ አመድ ጋር በንጹሕ ጠርሙስ ይገባል፣ አፉ በጨርቅና በሰም ይታሸጋል፣ ላዩ ላይ የዘሩ ዓይነት፣ የተለቀመበት ወርና የለቀመው ተማሪ ስም ይጻፋል፡፡ አንዱ ጠርሙስ በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው በተለያየ መንደር በሚኖሩ የሦስት አባላት ቤት፣ ጭስ በማይደርስበት ጥላ ያለው ቦታ ይቀመጣል፡፡